ቲማቲም ወይስ ፍሪጅ? ለቱሉ ዲምቷ ባለሱቅ

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። 38 ዓመቴ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለፈው ወር የ350 ሺህ ብር እቁብ ወጣልኝ። አባቴ ጡረተኛ መምህር ነው። በ1995 ዓ.ም. በ30 ሺህ ብር የባንክ አክሲዮን ገዝቶ እስከ ዛሬ አንዷንም አልሸጠም። ‹አክሲዮን ይወረሳል እንጂ አይሸጥም› ይላል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ‹የአባባ ዘመን አልፏል፣ አሁን በስልክ ጠዋት ገዝቶ ከሰዓት መሸጥ ነው› እያለ ብሩን ለእኔ ስጪኝ ብሎ ይዞኛል። ጎረቤቴ ሁለቱንም ተያቸውና ቦታ ግዢ ትላለች። እኔ በቴሌብር 33 የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ገዝቻለሁ፣ ከዚያ ያለፈ አላውቅም። የሱቁ ባለቤት ደግሞ በዓመት ተኩል ውስጥ ሱቁን ሊሸጠው ነው፤ ቅድሚያ ላንቺ ብሎኛል። ለመጀመሪያው ክፍያ 200 ሺህ ብር ያስፈልገኛል። ማንን ልስማ?»

እህቴ፣ እንኳን ወጣልሽ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፣ መጀመሪያ እየሳቅሁ፣ ቀጥሎ እስክሪብቶ ይዤ። ያሳቀኝ የአባትሽና የወንድምሽ ክርክር እኔም ቤት፣ እዚሁ ኮዬ ፈጬ፣ እሑድ እሑድ ምሳ ላይ መኖሩ ነው። የኔው ልጅ ስልኩን ከእንጀራው ጎን አስቀምጦ ነው የሚበላው።

ሁለቱም ውሸት አልነገሩሽም። የሚያወሩት ስለተለያየ ገበያ ነው፣ ችግሩ እሱ ነው። አባትሽ አክሲዮንን የሚያየው እንደ ሱቅሽ ፍሪጅ ነው። አንዴ ትገዢዋለሽ፣ ጥግ ላይ ቆሞ ለዓመታት ይሠራልሻል፣ አላፊ አግዳሚው በስንት ትሸጪዋለሽ ቢልሽ ዞር ብለሽም አታይው። ወንድምሽ ደግሞ እንደ ቲማቲም ያየዋል። ጠዋት ገብቶ ማታ ካልወጣ ይበሰብሳል። አክሲዮን እንደ ዘመኑ ሁለቱንም ሆኖ ያውቃል። አባትሽ ለምን እንደዚያ እንዳሰበ ሳይገባሽ የወንድምሽን መንገድ ብትይዢ ግን ገንዘብሽ ያሳዝነኛል።

በንጉሡ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ በብሔራዊ ባንክ ሥር አክሲዮን የሚገበያዩበት ቦታ ነበር። ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ አያምነኝም። ገዢና ሻጩ ግን ጥቂት ሰው ነው፤ የውጭ ዜጎች፣ ባለሥልጣናት፣ ትልልቅ ነጋዴዎች። ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። ደርግ ባንኩንም፣ ኢንሹራንሱንም፣ ፋብሪካውንም ወረሰ፣ ገበያውም አብሮ ተዘጋ። የአጎቴ ሳጥን ውስጥ ከጋቢው ሥር የአንድ ፋብሪካ አክሲዮን ወረቀት ነበር። ልጅ ሆነን ማህተሙን እያየን እንጫወትበት ነበር። አንድ ቀን «ይሄ ስንት ያወጣል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ለጉልት ሴቶች በርበሬ መጠቅለያ ይሆናል» አለኝና መልሶ አጣጥፎ አስቀመጠው። አልጣለውም ግን።

የአባትሽ ትውልድ ያንን አይቶ ነው ያደገው። ስለዚህ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የግል ባንክ ሲፈቀድ፣ ገንዘቡን አውጥቶ እንደገና ወረቀት መግዛት ቀላል ድፍረት አልነበረም። አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. ሲቋቋም 486 ባለአክሲዮኖች ናቸው 24.2 ሚሊዮን ብር አዋጥተው የጀመሩት። 486 ሰው ማለት እኮ የአንድ ትልቅ ዕድር አባላት ማለት ነው! ያኔ ሰው አክሲዮን የሚገዛው የሂሳብ መግለጫ አንብቦ አልነበረም። «ማን አለበት?» ብሎ ነበር። አደራጆቹን ያውቃል፣ ወይ የሚያውቅ ሰው ያውቃል። ዘመድ በዘመድ፣ ሠፈር በሠፈር። ዛሬ የንግድ ትምህርት የተማረ ልጅ ይሄን ሲሰማ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ሌላ መረጃ በሌለበት አገር ሰውን ማወቅ ትልቅ መረጃ ነው።

«አይሸጥም» የሚለውን ግን ከቅርብ ስላየሁት ልንገርሽ። አንድ ባንክ የአክሲዮን ክፍል ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ነጠላቸውን የተከናነቡ እናት መጡ። ሰርተፍኬቱን በፌስታል፣ ፌስታሉን በመሐረብ ጠቅልለው። ለልጃቸው ሕክምና 40 አክሲዮን መሸጥ ፈልገዋል። የኛ መልስ አንድ ነበር፦ «ገዢ ይዘው ይምጡ»። ባንኩ ገዢ አይፈልግላቸውም፣ ዋጋም አይነግራቸውም። ስልካቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩላቸው። ሰሌዳው ላይ እንደሱ ያለ 20 የሚሆን ቁራጭ ነበር፣ አንዳንዱ ፀሐይ አጥቦት ቁጥሩ አይነበብም። ከሁለት ወር በላይ ቆይተው አንድ ነጋዴ ይዘው መጡ፣ በደላላ ነው ያገኙት። በስንት እንደተስማሙ ሲነግሩኝ አንገቴን ደፋሁ። ባለፈው ሳምንት በስንት ተሸጠ ብለው የሚጠይቁት ቦታ ስለሌለ ሰውዬው ያለውን ተቀበሉ። ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደው ፈረሙ፣ እኛ ጋ ተመልሰው መዝገቡ ላይ ስም ተቀየረ፣ አለቀ። የደላላው ድርሻ ሲነሳ የቀራቸውን እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

እንግዲህ አባትሽ «አይሸጥም» ሲል ግማሹ ትዕግሥት ነው፣ ግማሹ ደግሞ መውጫ በር ስላልነበረ ነው። በሩ ስለተቆለፈ ብዙ ሰው ሳያስበው ጥሩ ኢንቨስተር ሆነ። ለምን መሰለሽ? ትርፍ ድርሻው ጥሩ በነበረባቸው ዓመታት ባንኮች ከዋናው ዋጋ ሠላሳ በመቶና ከዚያም በላይ ይከፍሉ ነበር። ብሔራዊ ባንክ ደግሞ ዝቅተኛውን ካፒታል በየጊዜው ያሳድጋል። 75 ሚሊዮን የነበረው 500 ሚሊዮን ሆነ፣ ከዚያ 2 ቢሊዮን፣ በ2013 ደግሞ 5 ቢሊዮን ብር ተባለ። ባንኮቹ ካፒታል ባደገ ቁጥር ለነባር ባለአክሲዮን አዲስ አክሲዮን ይደለድላሉ፣ ሰዉም ትርፉን ኪሱ ሳይከት መልሶ ይገዛበታል። አባትሽ «30 ሺህ ነው የከፈልኩት» ይልሻል እንጂ ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ትርፉን መልሶ እንደከተተ አይቆጥረውም። ስንቶቹ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ መጥተው፣ ኮፍያና ቦርሳ ተቀብለው፣ ምሳ በልተው፣ እጅ አውጥተው ሲመለሱ የገባቸው አይመስለኝም። ግን ሠራላቸው።

እዚህ ላይ ወንድምሽ ደስ የሚለው ነገር ላምጣ። አባትሽ ሲገዛ በ1995 አንድ ዶላር 8 ብር ከ60 አካባቢ ነበር። 30 ሺህ ብር ወደ 3 ሺህ 500 ዶላር ማለት ነው። ከሐምሌ 2016 በኋላ፣ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ዶላር መቶ ብርን ጥሎ ሄዷል። በመቶ ብር እንኳ ብናሰላው የአባትሽ 30 ሺህ ባለበት ለመቆም ብቻ 350 ሺህ መሆን አለበት። አየሽ? ልክ እቁብሽን ያክላል። ይሄ ትርፍ አይደለም፣ አለመውደቅ ነው። ስለዚህ «ይዤ ቁጭ አልኩ» ብቻውን በቂ መልስ አይሆንም። ይዞ የተቀመጠው ምንድነው፣ በስንት ነው የገዛው፣ ምን ያህል አደገ የሚለው አብሮ ይጠየቃል። አባትሽ ቀንቶት ይሆናል፣ ላይቀናውም ይችላል። ቁጥሩን ሳታዩ ሁለታችሁም አታውቁም።

በመሃል ሌላ ዘመን ነበር፣ የ2000 ዓ.ም. አካባቢው። ታስታውሺው ይሆናል። በየሬዲዮው «አክሲዮን ይግዙ» ነው። ሪል እስቴቱ፣ ሲሚንቶው፣ ቢራው፣ ሆስፒታሉ፣ ሁሉም በምስረታ ላይ። ከእነሱ ውስጥ ቁምነገር የሆኑ አሉ። እኔ ግን፣ የባንክ አክሲዮን ክፍል ውስጥ የምሠራው ሰውዬ፣ 20 ሺህ ብር ይዤ ሄጄ ስሙን ለማልጠቅሰው ኩባንያ ሰጠሁ። ቢሮው የተከራየ ቪላ ነበር፣ እንግዳ ማረፊያው ላይ በብርጭቆ ሳጥን ውስጥ የሕንፃ ሞዴል አለ፣ ትንንሽ ዛፎች ሳይቀሩ። ዛፎቹን እያየሁ ፈረምኩ። ከሦስት ዓመት በኋላ ስሄድ ቪላው መዋዕለ ሕፃናት ሆኗል። ለዚያም የአደራጆች አበል ተብሎ ከላዬ የተቆረጠ ገንዘብ ነበረ። ያኔ ፕሮስፔክተሱን፣ ማለትም ኩባንያው አክሲዮን ሲሸጥ ስለራሱ የሚያወጣውን ሰነድ፣ አይቶ ፈቃድ የሚሰጥ ተቆጣጣሪ አልነበረም። ማን አለበት ብሎ መጠየቅም አልጠቀመኝም፣ ምክንያቱም በዘመዴ በኩል ነው የገባሁት።

ፈረንጆቹስ? ወንድምሽ ዩቲዩብ ላይ የሚያየው የነሱን ነው፣ ስለዚህ በአጭሩ። እነሱም ወዲህና ወዲያ ሲሉ ነው የኖሩት። በ1929 (በነሱ አቆጣጠር) ኒው ዮርክ ላይ ተበድሮ የገዛው ሁሉ ወደቀ። ዳው ጆንስ የሚሉት የአክሲዮን ዋጋ መለኪያቸው የዚያን ዓመቱን ጣሪያ መልሶ ያየው በ1954 ነው፣ ሃያ አምስት ዓመት። ከዚያ ወዲህ የሒሳብ መግለጫ መመርመር፣ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ይሄ ሁሉ መጣ። ከዚያ አንድ የሚገርም ግጥምጥሞሽ አለ። እኛ ባንኮቻችንን በወረስንበት በዚያው በ1967 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ላይ አሜሪካ ውስጥ ደላሎች ይከፈላቸው የነበረው ቁርጥ ኮሚሽን ተነሳ። እኛ በሩን ስንዘጋ እነሱ መግቢያውን አረከሱት። በዓመቱ ጆን ቦግል የሚባል ሰውዬ አክሲዮን መምረጥ ትቶ ሁሉንም በትንሽ በትንሹ የሚገዛ ፈንድ አመጣ፣ ኢንዴክስ ፈንድ ይሉታል። 150 ሚሊዮን ዶላር እሰበስባለሁ ብሎ ያገኘው 11 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ሳቁበት። ዛሬ የሚስቅበት የለም። ከዚያ ኢንተርኔት መጣ፣ ስልክ መጣ፣ በ2019 (በነሱ አቆጣጠር) ትልልቆቹ ደላሎች ኮሚሽኑን ጭራሽ ዜሮ አደረጉት።

ወንድምሽ የደረሰው መጨረሻው ፌርማታ ላይ ነው። ኪሳራውን፣ ተቆጣጣሪውን፣ ሂሳብ ማንበቡን፣ ቦግልን ሁሉ ዘሎ፣ ስልኩ ላይ። ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ አገሩ ሃምሳ ዓመት ስለዘለለች እሱም ዘለለ።

ግን በስልክ ቶሎ ቶሎ መግዛትና መሸጥ እነሱንም አላከበራቸውም። ብራድ ባርበርና ቴራንስ ኦዲን የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ ከ1991 እስከ 1996 የ66 ሺህ ቤተሰቦችን ሂሳብ ቆጥረው ነበር። ገበያው በዓመት 17.9 በመቶ ባስገኘበት ጊዜ፣ እጅግ ቶሎ ቶሎ የሚገዙና የሚሸጡት 11.4 በመቶ ነው ያገኙት። ስድስት ከመቶ በላይ በየዓመቱ ለኮሚሽንና ለመቸኮል ገበሩ ማለት ነው። እነዚሁ ሰዎች በሌላ ጥናት ወንዶች ከሴቶች 45 በመቶ ያህል አብልጠው እንደሚገዙና እንደሚሸጡ፣ በዚያም የተነሳ ከሴቶቹ የባሰ እንደሚጎዳቸው አገኙ። ይቺን ለወንድምሽ ቡና ከጠጣ በኋላ ንገሪው እንጂ በባዶ ሆዱ አይሆንም።

እኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የካፒታል ገበያ አዋጁ በ2013 ዓ.ም. ወጣ፣ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተቋቋመ፣ አክሲዮን የሚገበያዩበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ደግሞ ጥር 2 ቀን 2017 ደወሉን ደወለ። መጀመሪያ የገባው ወጋገን ባንክ ነው፣ ቀጥሎ ገዳ ባንክ። በጣም ጥሩ ነው። እነዚያ እናት ዛሬ ቢመጡ ሰሌዳ ላይ ስልክ አልለጥፍላቸውም፤ ፈቃድ ያለው ደላላ ጋ ይሂዱ እላቸዋለሁ፣ ዋጋውንም ሳይጠይቁኝ ያዩታል። ግን ሕፃን ገበያ ነው። ጠዋት ገዝቶ ከሰዓት ለመሸጥ ከሰዓት የሚገዛ ሰው መኖር አለበት። መርካቶ ላይ ያለው ብዛት ገና እዚህ የለም። ቲማቲም አምጥተሽ ደንበኛ ሳይመጣ ቢመሽብሽ ምን ትሆኚ? እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ጠይቂልኝ። ወንድምሽ «በስልክ» ሲል የትኛውን ነው የሚለው? ፈቃድ ያለውን ደላላ ከሆነ እሺ። በቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ «በሳምንት እጥፍ» የሚሉት፣ በዶላር የሚያስገቡት፣ ሰው አምጥተሽ ኮሚሽን የሚሰጡሽ ከሆነ ግን እሱ አክሲዮን አይደለም። እሱን አምስት ሳንቲም እንዳትሰጪ። ይሄን ያልኩት በለሆሳስ አይደለም፣ ጮክ ብዬ ነው።

ወደ 33ቷ አክሲዮንሽ ልምጣ። አንዷ 300 ብር፣ በጠቅላላው 9,900፣ ትንሿን መጠን ነው የገዛሽው። ጥቅምት 2017 ሽያጩ ሲጀመር የታሰበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን መሸጥ ነበር፤ የካቲት ላይ ሲዘጋ 10.7 ሚሊዮን አክሲዮን 47 ሺህ ከምናምን ሰው ገዝቷል። አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። አንድ ቀን ስልክሽን ከፍተሽ ዋጋው 240 ቢልሽ ምን ታደርጊያለሽ? ትሸጫለሽ? ትገዢያለሽ? ስልኩን ትዘጊና ስኳር ትመዝኛለሽ? መልሱን አሁን፣ ልብሽ ተረጋግቶ ሳለ፣ ወረቀት ላይ ጻፊው። ጎረቤታችን ኬንያ በ2008 (አሁንም በፈረንጆቹ) ሳፋሪኮምን በ5 ሺልንግ ለሕዝብ ስትሸጥ ከ8 መቶ ሺህ በላይ ሰው ተሰለፈ። ተበድሮ የገዛ ብዙ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ወጣ፣ ዓመት ሳይሞላ ከ3 ሺልንግ በታች ወረደ። ተበዳሪው ባንኩ ሲያንኳኳበት በኪሳራ ሸጦ ወጣ። የራሱን ትርፍ ገንዘብ የከተተውና መቆየት የቻለው ደግሞ በ2021 ከ40 ሺልንግ በላይ አየው። አክሲዮኑ አንድ ነው። ልዩነቱ ገንዘቡ መቼ እንደሚፈለግ ነው።

ጥያቄሽ ማንን ልስማ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ የቀን መቁጠሪያውን ነው የምሰማው። የድሮው አክሲዮን ገንዘብሽን ራሱ ይቆልፈው ስለነበር መቼ ትፈልጊዋለሽ ብሎ የሚጠይቅሽ አልነበረም። ሳታስቢው ትታገሻለሽ። አሁን በሩ ተከፍቷል፣ ስለዚህ ቁልፉ አንቺ ጋ ነው። ቁልፉን ለወንድምሽ አትስጪው። ለኔም አትስጪኝ።

እንዲህ አድርጊ። የሱቁ 200 ሺህ አክሲዮን አይንካው። ዓመት ተኩል ለአክሲዮን ነገ ማለት ነው። ባንክ በጊዜ ገደብ አስቀምጪው፣ ወለዱ የኑሮ ውድነቱን ባይደርስበትም በዓመት ተኩሉ ብሩ እዚያው ይጠብቅሻል። ሱቁ ራሱ ከየትኛውም አክሲዮን የበለጠ የምታውቂው ንግድ ነው፤ ከፊት ለፊት የሚቆመውን ታክሲ ሳይቀር ታውቂዋለሽ። 50 ሺህ ለክፉ ቀን፣ ለልጆቹም፣ ዕቃ ለሚወደድበትም። የቀረው 100 ሺህ ነው። ከሱ 90 ሺሁን ለሦስት ክፈዪው፣ በየአራት ወሩ 30 ሺህ። አንዴ ላይ አትክተቺ፣ ዋጋው ቢወርድ በሁለተኛው ዙር በርካሽ ትገዢያለሽ፣ ቢወጣም የመጀመሪያው አለሽ።

ምን ልግዛ ትይኝ ይሆናል። ስም አልሰጥሽም። ግን አባትሽ ባንክ ውስጥ ነው ያለው፣ አንቺም አንድ ቀን ትወርሺዋለሽ፣ ገበያው ላይም መጀመሪያ የመጡት ባንኮች ናቸው፤ ሁሉን ባንክ ውስጥ አትጨምሪው። ከመግዛትሽ በፊት ፕሮስፔክተስ የሚሉትን ሰነድ ጠይቂ፣ በባለሥልጣኑ የጸደቀ መሆኑን እዪ። ወፍራም ነው፣ ሁሉን አታነቢውም፣ እኔም አላነብም። ሦስት ቦታ ግን ክፈቺ። በሚሰበሰበው ብር ምን ሊያደርጉ ነው የሚለውን፣ ያለባቸውን ዕዳ፣ ከዚያ ስጋቶች የሚለውን ምዕራፍ። ስጋቶች የሚለውን የጻፉት ወደው አይደለም፣ ሕጉ አስገድዷቸው ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ እውነተኛው ገጽ እሱ ነው። በዱቤ ለመውሰድ የመጣ ደንበኛን ፊት ታነቢ የለ? እንደዚያ አንብቢው።

ቦታውን በተመለከተ ብዙ አልልም። እዚህ ዳር ላይ የምንኖር ሰዎች ካርታ የሌለው ቦታ ምን እንደሚሆን በዓይናችን አይተናል። ግሬደሩ ሲመጣ ደላላው ስልክ አያነሳም። ካርታ ያለው ደግሞ በ100 ሺህ አይገኝም። ጎረቤትሽ በቅን ልቧ ነው፣ አመስግነሽ እለፊው።

አባትሽን ቅዳሜ ጠዋት ይዘሽው ወደ ባንኩ የአክሲዮን ክፍል ሂጂ። ሰርተፍኬቱንና መታወቂያውን ይያዝ። በስሙ ስንት አክሲዮን እንዳለ፣ ያልወሰደው ትርፍ ድርሻ ካለ፣ ስሙ መታወቂያው ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን አጣሩ። በኔ ጊዜ በአያት ስም ልዩነት ብቻ ስንት ሽማግሌ ተመላልሷል መሰለሽ። ወረቀቱ ወደ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ሲዛወር ይሄ ነገር ያስቸግራል፣ እሱ በሕይወት እያለ ይስተካከል። አክሲዮኑን ግን እንዲሸጥ አትገፋፊው። መሸጥ ሲቻል መሸጥ ግዴታ አይደለም፣ እና ደግሞ ከልጅ ጋር የሚጣላበት ዕድሜ ላይ አይደለም።

የቀረችው 10 ሺህ የወንድምሽ ናት። አዎ፣ ስጪው። እምቢ ካልሽው ከሌላ ቦታ ተበድሮ ያደርገዋል፣ ያኔ ደግሞ መክፈሉ ላንቺ ይተርፋል። ግን የዱቤ ደብተርሽን አንድ ገጽ ክፈቺለት። የገዛበትን ቀን፣ ዋጋውን፣ የሸጠበትን፣ የደላላውን፣ የግብሩን፣ ሁሉንም በእጁ ይጻፍ። ያልጻፈውን እንዳልሸጠው ቁጠሪው። ከጎኑ ባለው ገጽ አንቺ በየአራት ወሩ የገዛሽውን ጻፊ። የዛሬ ዓመት ሁለቱን ገጾች ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ለልጄም የማሳየው ነገር ያስፈልገኛል።